ከድልድዩ አጠገብ የተነቀለው ቲማቲም

ባለፈው ዓመት ለዘመድ ሠርግ ወረታ ሄጄ ነበር። ከባሕር ዳር ያመጣኝ መኪና የደብረ ታቦሩ መንገድ ከሚገነጠልበት ላይ አወረደኝና ባጃጅ ስጠብቅ፣ አጠገቤ አንድ አይሱዙ ቲማቲም ይጭናል። ቲማቲሙ ገና ከማሳ መምጣቱ ነው። በሳጥኖቹ ስንጥቅ ቅጠሉ ብቅ ብቅ ብሎ፣ ላዩ ላይ ነጣ ያለ የመድኃኒት ጠብታ ደርቆበታል። ከጫኞቹ አንዱ ሳጥን ሲያቀብል ሽታው መጣብኝ። የቲማቲም ቅጠል ሽታ ለብቻው ቢሆን ምንም አይደለም። መድኃኒት ሲነካው ግን ይመርራል፤ ሄዶ ጉሮሮ ላይ ይቀመጣል። ባለባጃጁ ቆሞ "እናት፣ አይገቡም ወይ?" ሲለኝ ቶሎ አልሰማሁትም።

ያ ሽታ አንድ በጋ ሙሉ ቤታችን ውስጥ ኖሯል። ጊዜው የደርግ ነው፤ እኔ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። የምንኖረው ከወረታ በታች፣ የጉማራ ወንዝ ድልድይ አጠገብ ባለች መንደር ነው። መሬታችን ክረምት ክረምት ውሃ ይተኛበታል፤ ውሃው ሲሸሽ ሽንብራና ጓያ እንዘራበታለን። ያን ዓመት ግን መንደሩ የአምራቾች ማኅበር ሆኖ፣ የየሰዉ ማሳ ተደባልቆ፣ በሬው ሁሉ የጋራ ተብሎ ነበር። ከአውራጃ የውሃ ሞተር መጣ። ከሞተሩ ጋር ትእዛዝም መጣ፤ ከወንዙ ዳር ያለው መሬት ቲማቲም ይተከልበት ተባለ። ከመንደራችን ሰው ቲማቲም ተክሎ የሚያውቅ አልነበረም። ወረታ ገበያ ስንወጣ ከነጋዴዎቹ ሱቅ ደጃፍ ተደርድሮ ማየታችን ብቻ ነው።

የማኅበሩ ሊቀመንበር አባቴ ውበቱ ነበር። ፈልጎት አይደለም፤ ፊደል የሚያነብ ሰው ሲጠፋ ነው የመረጡት። ከተመረጠ በኋላ ግን የወደደው ይመስለኛል። ስብሰባ ሲጠራ ጋቢውን ደጋግሞ ያስተካክል ነበር።

ቲማቲሙን የሚያስተምር ሰው ከግብርና ተላከ። ደምሴ ይባላል። ቀጭን፣ ጢሙ ገና በቅጡ ያልሞላ፣ ከጎጃም፣ ከደጀን በኩል የመጣ ወጣት ነበር። ማደሪያ ስላልነበረው አባቴ ከቤታችን ጎን ያለችውን የጥጃ ጎጆ አስለቅቆ ሰጠው። እናቴ እናኑ ወንድ ልጅ አልነበራትም፤ ከወለደቻቸው የቀረሁላት እኔ ብቻ ነኝ። ደምሴ በመጣ በሳምንቱ "ልጄ" ትለው ጀመር። እሱም ከማሳ ሲመለስ መጀመሪያ የሚያየው እሷን ነው፤ "እትዬ እናኑ፣ ዛሬስ ራስ ምታቱ እንዴት ዋለ?" ሳይላት አይቀመጥም።

ለእኔም ሥራ ሰጠኝ። የቲማቲሙ መድኃኒት ከሁለት ነገር ይሠራል፤ አንዱ ኖራ ነው፣ ሌላው በጆንያ የመጣ ሰማያዊ ጠጠር ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጠጠሩን በጨርቅ ጠቅልዬ በእንጨት ዘነዘና አደቅቃለሁ፣ ኖራውን እነፋለሁ። ኖራው አፍንጫ ያቃጥላል፤ ጠጠሩ ግን ከረሜላ አስንቆ ያምር ነበር። እንደዚያ ያለ ሰማያዊ ከዚያ በፊት ያየሁት በቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል፣ በእመቤታችን ልብስ ላይ ብቻ ነው። ደምሴ ሐሳቤ ገብቶት ኖሮ፣ "ትርንጎ፣ ይህን የቀመሰ ሰው አንጀቱ ይቆረጣል። ገባሽ?" አለኝ። ገብቶኛል አልኩ። በልቤ ግን የሚያምር ነገር ሰውን ይጎዳል ብዬ ማመን አቃተኝ።

መበጥበጫ ዕቃ ጠፋ። ማኅበሩ ያለው የብረት በርሜል ነው።

"እትዬ እናኑ" አላት ደምሴ፣ "ይህ ጠጠር ብረት ይበላል። በበርሜሉ ብበጠብጠው በርሜሉም መድኃኒቱም ይበላሻል። የሸክላ ዕቃ ነው የሚፈልግ።"

"ምን ያህል ዕቃ?"

"ትልቅ።"

እናቴ ወደ ጓዳ ዞር አለች። እዚያ ጥግ ላይ ጋኗ ቆሟል። ስትዳር ወላጆቿ ከአንበሳሜ አሸክመው የሰደዱላት ጋን ነው፤ የእኔ ክርስትና ጠላ የተጠመቀው በእሱ ነው።

"ከዚያ በኋላስ ይጠመቅበታል?"

"አይጠመቅበትም።"

ሆዱን በመዳፏ ዳበስ አደረገችና "ውሰደው" አለችው። "ቆይ፣ እኔው ላቃናልህ፤ አንገቱ ስንጥቅ አለው፣ በእሱ በኩል እንዳትይዘው።"

ደምሴ ሰው በስሕተት እንዳይቀዳበት ፈርቶ የጋኑ ሆድ ላይ በከሰል በትልልቁ "ፀረ ሻጋታ" ብሎ ጻፈ። ከትምህርት ቤት መጥቼ ሳነበው ዞር ዞር ብዬ መንገዱን አየሁ። በዚያ ጊዜ "ፀረ" የሚለውን ቃል የማውቀው በአንድ መንገድ ብቻ ነው። ፀረ ሕዝብ፣ ፀረ አብዮት ይባላል፤ የተባለው ሰው በጠብመንጃ ታጅቦ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ሚስቱ ጥቁር ትለብሳለች። ሻጋታ የሹም ስም መስሎኝ ነበር። ደምሴ የሹሙ ጠላት መሆኑን በገዛ እጁ ጋን ላይ ጽፎ ደጅ አቁሞታል። ሚሊሻዎቹ ሲያልፉ እንዳያዩት ብዬ ጆንያ አምጥቼ ጋኑን አለበስኩትና ላዩ ላይ ተቀመጥኩ። ደምሴ መጥቶ ተነሽ ሲለኝ እምቢ አልኩ። ምክንያቱን በሹክሹክታ ስነግረው፣ ከሳቁ ብዛት የግድግዳውን እንጨት ይዞ ነው የቆመው።

"ሻጋታ ማለትኮ ዳቦ ላይ የሚበቅለው ነው፣ ትርንጎ። ቅጠል ላይም ይበቅላል። እኔ የእሱ ጠላት ነኝ፤ የሌላ የማንም አይደለሁም።"

እናቴም ሳቀች፤ ግን ማታውኑ በርጥብ ጨርቅ "ፀረ" የሚለውን አጥፍታው አደረች። ጋኑ ላይ የቀረው "ሻጋታ" ብቻ ነበር።

መድኃኒቱ ሲበጠበጥ ማየት እወድ ነበር። ሰማያዊው ውሃ ለብቻ፣ ነጩ ኖራ ለብቻ ይዘጋጅና በቀስታ ይገናኛሉ፤ የደመነ ሰማይ ይመስላል። ከዚያ ደምሴ ቢላዋ ይነክርበታል። ቢላዋው ቀልቶ ከወጣ ገና ነው፣ ኖራ ይጨመርበታል ይላል፤ እንደነበረ ከወጣ ቅጠሉን አያቃጥልም፣ ይረጫል። መጀመሪያ ቀልቶ ሲወጣ ሳይ ደም መስሎኝ ውሃው ይቆስላል ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ደምሴ አልሳቀም። "የመዳብ ቀለም ነው፤ ከጠጠሩ ውስጥ የሚወጣ" አለኝና ቢላዋውን አስይዞ ራሴ እንድነክር አደረገኝ። ከዚያ ወዲህ የመንከሩ ሥራ የእኔ ሆነ።

እስከ ጥምቀት ድረስ ሁሉም ደኅና ነበር። ቲማቲሙ በድጋፍ እንጨት ላይ ወጥቶ፣ አብቦ፣ አረንጓዴ ፍሬ ይዞ፣ ከድልድዩ ላይ ሲያዩት ደን መሰለ። ያልተለመደው ዝናብ የመጣው ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው። ያለ ወቅቱ ጣለ፤ ሲያባራ ደግሞ ከጣና በኩል ጭጋግ እየመጣ እስከ ረፋድ ማሳው ላይ ይተኛል። እኛ ልጆች ደስ ብሎን ነበር፤ በጭጋጉ ውስጥ ተደባብቀን እንጫወታለን። ደምሴ ግን መብላት አቆመ። የሌሊት ልብሱን ሳይቀይር ማሳው ዳር ጎንበስ ብሎ ቅጠል እየገለበጠ ያያል።

አንድ ጧት እናቴ ላም ስታልብ እኔ ጥጃ ይዤ፣ አባቴ ደግሞ በረቱ በር ላይ ቆሞ ሳለ ደምሴ ከማሳ መጣ። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። በእጁ ቅጠል ይዟል። ከላይ የፈላ ውሃ የፈሰሰበት ይመስል ጠቁሯል፤ ሲገለብጠው ከሥሩ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር አለበት።

"ገባ፣ አያ ውበቱ" አለው። "በድልድዩ በኩል ያለው መደብ በሙሉ ይዞታል። ፍሬውም ቡናማ ሆኗል። ዛሬ ነቅለን መቅበር አለብን። ውሃውም ለጊዜው ይቁም።"

"መድኃኒቱን እርጨው እንጂ ምን ይነቀላል?"

"መድኃኒቱ የታመመውን አያድንም። ያልታመመውን ነው የሚጠብቅ። የቀረንም ለሌላው መደብ ብቻ የሚበቃ ነው።"

አባቴ ቅጠሉን ተቀብሎ አገላበጠው። "ጓዱ ከአውራጃ በዚህ ሳምንት ይመጣሉ" አለ። "ከድልድዩ ላይ ሆነው መጀመሪያ የሚያዩት እኮ እሱን ነው። ባዶ መሬት ላሳያቸው?"

"ካልነቀልነው ሲመጡ ሁሉንም ጥቁር ሆኖ ነው የሚያገኙት። ይህ በሽታ እንደ እሳት ነው የሚሄደው፣ አያ ውበቱ። ከርስዎ ፈቃድ ውጭ ግን አልነካውም።"

እናቴ ማለቧን ትታ ቀና አለች። "ልጁ የሚያውቀውን ነው የሚናገር" አለችው አባቴን። "ይስሙት።"

አባቴ ወደ ድልድዩ አሻግሮ አየ። በመጨረሻ ቅጠሉን ጣለና በጫማው ረገጠው።

"ንቀለው" አለ። "የሚጠየቅ ካለ እኔ ነኝ።"

ያን ቀን ትምህርት ቤት ቀርቼ ስንነቅል ዋልን። ወንዶቹ ጉድጓድ ቆፈሩ፤ ሴቶቹና ልጆቹ ሐረጉን ከነፍሬው እየነቀልን ተሸክመን ጣልን። የበሰበሰው ፍሬ እጅ ላይ ይፈርጣል፤ ሽታው ከመድኃኒቱ ሽታ ጋር ተደባልቆ ልብሳችን ውስጥ ገባ። ከመካከሉ ገና ያልተነካ አረንጓዴ ፍሬ ብዙ ነበር። ሴቶቹ እሱን ለወጥ ልንውሰድ ብለው ለመኑ። ደምሴ እምቢ አለ። ዛሬ ደኅና የመሰለው ነገ ይጠቁራል፤ ጓሮ ይዛችሁት ከገባችሁ በሽታው አብሯችሁ ይገባል አላቸው። አንዲት አሮጊት ነጠላዋን አጥብቃ አስራ፣ "እህል የሚቀብር ሰው አይተን አናውቅም" አለችው። ደምሴ የኖራውን ጆንያ ጎተተ። ጉድጓዱ ሲሞላ ኖራ ነሰነሰበትና አፈር አለበሱት። እኔ ነጭ ነገር ተነስንሶ አፈር ሲመለስ ሳይ፣ ቄስ ለምን አልመጣም ብዬ እናቴን ጠየቅኋት። አፌን በእጇ መታ መታ አደረገችኝ።

ጓዱ በሳምንቱ መጨረሻ መጣ። ስሙን አላውቅም፤ ሁሉም ጓድ ነበር የሚለው። ላንድሮቨሩ ድልድዩ ላይ ሲደርስ ቆመ። እኛ ከውሃ ሞተሩ አጠገብ ተሰልፈን እየጠበቅን ነበር፤ ከዚያ ሆነን ሲወርድ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ባዶውን መሬት ሲያይ አየነው። ወደ እኛ ሲመጣ ለተዘፈነለት ዘፈን ጆሮ አልሰጠም።

"ይህን ማን ነቀለው?" አለ።

ደምሴ ከሰልፉ ወጣ። "እኔ ነኝ ጓድ። የሻጋታ በሽታ ገብቶበት ነበር። ወደ ሌላው እንዳይዛመት ነው።" ለማሳየት ከኪሱ የደረቀ ቅጠል አወጣ። ጓዱ ቅጠሉን አላየም።

"ለአብዮታዊ ሠራዊት ስንቅ የተተከለ ነው ይህ። ማን ፈቀደልህ?"

ደምሴ ዞር ብሎ አባቴን አየው። ሌላ ምንም አላደረገም፤ አየው ብቻ። ጓዱም ዓይኑን ተከትሎ ወደ አባቴ ዞረ።

"አንተ ነህ ሊቀመንበሩ? አንተ ፈቅደህለታል?"

አባቴ ጋቢውን አስተካከለ። መሬት መሬቱን እያየ፣ "እኔ ገበሬ ነኝ ጓድ" አለ። "ስለዚህ ነገር የማውቀው የለም። የተማረው እሱ ነው። እኔ ሳልሰማ ነው የነቀለው።"

አባቴ የረሳ ነበር የመሰለኝ። ያን ጧት በረት ውስጥ ምን እንዳለ አጠገቡ ቆሜ ሰምቻለሁ፤ ላስታውሰው ብዬ አፌን ስከፍት የእናቴ እጅ እጄን ያዘ። ጣቶቼ እርስ በርስ እስኪጣበቁ ድረስ ጨመቀችኝ። ቀና ብዬ ሳያት እኔን አታይም፤ የምታየው አባቴን ነው።

ጓዱ "አሻጥር" የሚል ቃል ተናገረ። ሚሊሻዎቹ ደምሴን ግራና ቀኝ ያዙት። አልታገለም። ላንድሮቨሩ ውስጥ ሲያስገቡት ብቻ አንገቱን አውጥቶ፣ እንደ ወትሮው ድምፅ፣ "አያ ውበቱ፣ ጤዛው ሳይደርቅ ሰው ማሳው ውስጥ አይግባ። ዝናብ ከጣለ መርጨቱን ድገሙት። መለካቱን ትርንጎ ታውቀዋለች" አለ።

በማግስቱ አባቴ የጀርባ መርጫውን ራሱ ተሸከመ። ጠጠሩን አደቀቅሁለት፣ ኖራውን ነፋሁለት፣ ቢላዋውን ነከርኩለት። ቀልቶ ሲወጣ "ገና ነው" እለዋለሁ፤ ኖራ ይጨምራል። ለማንም አልሰጥም ብሎ ማሳውን በሙሉ ብቻውን ረጨ። መርጫው ያፈስስ ስለነበር ጀርባው ሰማያዊ ሆኖ ይገባል። ዝናብ ሲጥል ደገመው። ጤዛው ሳይደርቅ ሰው አላስገባም። ደምሴ ያለውን አንዱንም አላጎደለም።

ቲማቲሙም ዳነ። በዐቢይ ጾም ማሳው ከዳር እስከ ዳር ቀይ ሆነ። የመንግሥት መኪና እየተመላለሰ ወደ ጎንደር ጫነው፤ ለሠራዊቱ ነው ተባለ። ማኅበራችን ወረታ ላይ ሕዝብ ተሰብስቦ ቀይ ባንዲራ ተሸለመ፤ የተቀበለው አባቴ ነው። ጓዱ አቅፎ ሳመው። አሻጥረኛ ያጠፋውን በአብዮታዊ ቆራጥነት ያዳነ ገበሬ ብለው ሲያስተዋውቁት ሰዉ አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ። ከመንደራችን ሰዎች ያላጨበጨበችው እናቴ ነበረች፤ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከትታ ቆማለች። አባቴ ባንዲራውን ቤት አምጥቶ ምሰሶው ላይ ሊሰቅል ሲል "እዚህ ቤት አይሰቀልም" አለችው። ወስዶ ሞተሩ ቤት ሰቀለው።

ደምሴ ደብረ ታቦር እስር ቤት ነው መባሉን ስትሰማ እናቴ ስንቅ ማመላለስ ጀመረች። ከወረታ በጭነት መኪና ላይ ተሳፍራ ትወጣለች፤ በሶና ዳቦ ቆሎ ታደርስለታለች፤ ባዶውን አገልግል ይዛ ትመለሳለች። ማየት አልተፈቀደላትም። ባዶ አገልግል መመለሱ ግን ይበቃት ነበር። "በልቶታል" ትለኛለች። አባቴ ስንቁ ሲዘጋጅ ያያል። አንዴ ብቻ የማር እንስራውን ወደ እሷ ገፋ አድርጎ፣ "ከዚህም ጨምሪለት" ሲላት ሰምቼዋለሁ። አልጨመረችም።

ፋሲካ ሆነ። በዳግማይ ትንሣኤ ሰሞን እናቴ ገና ሳይነጋ ዶሮ ሠርታ፣ እንቁላሉን ሳታጎድል አገልግሉ ውስጥ አስተካክላ፣ እኔንም ይዛኝ ወጣች። እስር ቤቱ በር ላይ የቆመው ዘበኛ ወጣት ነበር። ስሙን ስትነግረው ገብቶ ቆየና ተመለሰ። አገልግሉን አልተቀበላትም።

"እናት፣ ከእንግዲህ አያምጡለት" አላት። "ስንቅ አያስፈልገውም።"

እናቴ "አያስፈልገውም" ብላ ደገመችው። ዘበኛው ወደ ሌላ ሰው ዞረ።

እኔ በደስታ መዝለል ብቻ ቀረኝ። ስንቅ የማያስፈልገው ሰው ቤቱ የሚገባ ሰው ነው። በመኪናው ላይ ስንመለስ ነገ ይመጣል ወይስ ከነገ ወዲያ እያልኩ ጠየቅኋት። አገልግሉን እንደ ሕፃን አቅፋ ተቀምጣ "እሺ" ትለኛለች። የምጠይቀው ሌላ፣ የምትመልሰው ሌላ ነበር። ድካም ነው ብዬ ተውኳት።

ቤት እንደደረስን ሮጬ የጥጃ ጎጆዋን ከፈትኳት። ሸረሪት አድርቶባታል። ጠረግሁ፤ መደቡን በእበት ለቀለቅሁ፤ ከወንዙ ዳር ቄጠማ አጭጄ ጎዘጎዝኩ። እናቴ በራፉ ላይ ቆማ አየችኝና ወደ ቤት ገባች። አባቴ ከማሳ ሲመለስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። የተከፈተውን በርና ቄጠማውን አይቶ ቆመ።

"ይህ ለማን ነው?" አለኝ።

"ጋሼ ደምሴ ሊመጣ ነው" አልኩት። እየሳቅሁ ነበር። "ስንቅ አያስፈልገውም ብለው አገልግሉን መልሰውታል።"

አባቴ የጎጆዋን መቃን ያዘ። ከዚያ ወደ ቤት ገባ፤ እኔም ተከተልኩት።

እናቴ አገልግሉን መሶብ ላይ አድርጋ ከፍታው ነበር። ዶሮው እንደተሠራ ነው፤ እንቁላሎቹ ከቦታቸው አልተነቃነቁም። አባቴን በእጇ መቀመጫውን አሳየችው። እናቴ ከተዳረችለት ቀን ጀምሮ አባቴን አንቱ ነበር የምትለው፤ ሲጣሉም፣ ሲታመምም አንቱ ነው። ያን ቀን ዓይኑን እያየች፣ "ብላ" አለችው።

"እናኑ" አላት።

"የልጄ ስንቅ ነው። አልተቀበሉኝም። ብላው።"

አባቴ ተቀመጠ። እጁን አስታጠብኩት። በላ፤ ፊቱን ከመሶቡ ሳያነሳ፣ ጉርሻው በጉሮሮው ሲወርድ እየተሰማን በላ። ሲያቆም "ጨርስ" ትለዋለች፤ ይቀጥላል። አንዲት ፍርፋሪ እስከማትቀር ድረስ ከፊቱ ቆማ ጠበቀችው። እኔ በሩ ላይ ሆኜ የመኪና ድምፅ አዳምጥ ነበር። የጉማራን ድልድይ ሲሻገሩ የሚያሰሙት ድምፅ አለ፤ በሰማሁት ቁጥር እሱ ነው እያልኩ እወጣለሁ።